ስሙን ያልለቀቀ ቡድን

የእግር ኳስ ቡድን ምንድን ነው? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ አሥራ አንድ ተጫዋች፣ አንድ ኳስና አንድ ሜዳ ነው ብሎ መመለስ ይቻላል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። ተጫዋቹ ያረጃል፤ ኳሱ ይፈነዳል፤ ሜዳውም ቤት ይሠራበታል። ሦስቱም ካለፉ በኋላ ግን ቡድኑ አለ የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲያው ቡድንን ቡድን የሚያሰኘው ከእነዚህ ሌላ የሆነ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ዕድሜ የጠገበ የአንድ ቡድን ታሪክ ከሥሩ ቢመረምር ይጠቀማል።

ስለ ኳስ በኪነ ጥበብ መጽሔት መጻፍ ያለ ቦታው የገባ ነገር የሚመስላቸው አንባቢያን ይኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዘፈን የሚወጣለት፣ ቀለምና ዓርማ የሚመረጥለት፣ አያት ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው ነገር ሁሉ ከባህል ጋር የሚቈጠር ነው። ደግሞም የአገራችን እግር ኳስ አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው የግጥምና የዜማ ሰው ልጅ መሆኑን በኋላ እናያለን።

ይህን የምጽፈው ከዱስ ነው። ዱስ ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ የጉዞው መጨረሻ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቀመጠ የካራ ሕዝብ መንደር ነው። ካራዎች ቍጥራቸው ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። ማሽላቸውን በወንዙ ዳር ይዘራሉ፤ ፍየልና ከብት ያረባሉ፤ ገላቸውን በነጭና በቀይ አፈር አሳምረው መሳልም ያውቁበታል። በዚህ ጥበባቸው ምክንያት ከሩቅ አገር ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ይመጣባቸዋል። የመጣው እንግዳ ፎቶግራፉን አንሥቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ያው ገላው የተሳለ ጐረምሳ የጨርቅ ኳስ ሲያሯሩጥ እስኪያይ ድረስ የሚቈይ ግን ጥቂት ነው።

እኔ በመምህርነት ወደዚህ መንደር በመጣሁ ጊዜ የዱስ ልጆች ለቡድናቸው የራሳቸው የሆነ ስም አልነበራቸውም። ከፊሎቹ በደረታቸው ላይ እንደ ተጻፈው «አርሰናል» ነን ይሉ ነበር፤ ከፊሎቹም «ማንቼ» ነን ይሉ ነበር። ማልያው ከገበያ የተገዛ ስለ ሆነ ስሙም አብሮ የተገዛ ነው። ይህ እንደ ነውር የሚቈጠር አይደለም፤ በአዲስ አበባም በጐንደርም ያለ ልጅ እንዲሁ ያደርጋል። ነገሩ ነገር የሆነው የመንደሮቹ ወጣቶች የሚገናኙበት አንድ ውድድር ተዘጋጅቶ፣ ቡድኑ በወረቀት ላይ በስሙ መመዝገብ በተገባው ጊዜ ነው።

የመመዝገቢያው ወረቀት ከመድረሳችን በፊት በሌላ ሰው እጅ ተሞልቶ ቈየን። የቡድኑ አምበል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርና ወረቀቱን ተቀብሎ ፊደሉን እየለየ አነበበና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይህ የእኛ ስም አይደለም» አለ ለመዝጋቢው።

«እንዴት አይደለም? ካሮ አይደላችሁም እንዴ?»

«ካራ ነን።»

«አንድ ፊደል ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? ይልቅ ልብሳችሁን ቀይራችሁ ሜዳ ግቡ!»

መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። ካሮ የሚለውን አጠራርም እርሱ አላመጣውም። ሕዝቡ ራሱን ካራ ብሎ ሲጠራ፣ ብዙ ጐብኚና ብዙ ጽሑፍ ካሮ እያለ ሲያልፍ ኖሯል። በፊደል ገበታ ላይ ራና ሮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ አራተኛ፣ ሌላው ሰባተኛ ነው። ልጁ ግን ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «መምህር፣ አንድ ፊደል ምንም አያደርግም?» ሲል ጠየቀኝ። «ያደርጋል» አልሁት። ለጊዜው የሚበቃው መልስ ይህ ነበር። ረጅሙ መልስ ግን ከአዲስ አበባ፣ ከአራዳ ሠፈር ይጀምራል።

በ1928 ዓ.ም. በወርኀ ታኅሣሥ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በአራዳ አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። መሥራቾቹን ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ አንዱ የአገሬውን፣ ሌላው የባዕድ አገርን ስም የተሸከሙ ነበሩ። በዚያን ዘመን በከተማይቱ በቡድን ተደራጅተው ኳስ ይጫወቱ የነበሩት በአብዛኛው የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ስለ ነበሩ፣ የአገሬው ልጆች የራሳቸውን ቡድን ማቆማቸው ብቻውን ነገር ነበረው። ወቅቱም የክፉ ቀን ዋዜማ ነበር። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን ወሰን አልፎ ገብቶ በሰሜን ውጊያው እየጋለ ነበር። ቡድኑ በተመሠረተ በአምስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ለቡድኑ የወጣለት ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በአንድ በኩል ሲታይ ይህ የሠፈር ስም ነው፤ የአራዳ ልጅ በአራዳው ደብር ስም ቢጠራ የሚያስገርም አይደለም። በሌላ በኩል ግን የጊዮርጊስ ስም በኢትዮጵያውያን ጆሮ ዐድዋን ይጠራል። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የቅዱሱም ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ እንደ ነበር ሁሉም የሚያውቀው ነው። እንግዲህ ጠላት ዳግመኛ በመጣበት ዓመት ይህን ስም በማልያ ላይ ማድረግ፣ መፈክር ሳይጽፉ መፈክር ማሰማት ነበር።

ጠላትም ቋንቋውን አልሳተም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በከተማው ሕዝብ ላይ በደረሰው ጭፍጨፋ ወቅት የአራዳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተለቀቀበት። በኳሱም በኩል ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ተከልክሎ፣ ለአገሬው ሰው ለብቻው የሚሆን የውድድር ሥርዐት ተበጀ። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ቡድኑ ጊዮርጊስ መባሉ ቀርቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሽስቶቹ ዓርማ የሆነው፣ ከምሳር ጋር የታሰረው የበትር ነዶ ስያሜ ነው። ውቤ ሠፈር የሚለውን ተዉለት፤ ቅዱሱን አውርደው ዓርማቸውን ሰቀሉበት። ኳሱ ያው ኳስ፣ ልጆቹም ያው ልጆች ናቸው። መጫወት አልተከለከሉም። የተከለከሉት መጠራትን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አገር የያዘ፣ መድፍና አውሮፕላን ያለው ኀይል የአንድ ሠፈር ልጆች ቡድን ስም ለምን ያሳስበዋል? ስም ብቻውን ምንም የማያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ ለመለወጥ የሚደክም ገዥ ባልተገኘም ነበር።

ከቡድኑ የመጀመሪያ ተጫዋቾች መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ይገኝበታል። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለደው ይህ ሰው፣ ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በጨዋታ ዐዋቂነታቸው የታወቁ፣ ገና በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ናቸው። አባት የኢትዮጵያን ዜማ በሸክላ አስቀርጸው ሲያቈዩ፣ ልጅ ደግሞ የኢትዮጵያን ስም በአፍሪካ ሜዳዎች ላይ አስጠራ። ኪነ ጥበብና ኳስ በአንድ ቤት ያደሩበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ቡድኑ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ቀረቡ። ኢትዮጵያውያኑ በጊዮርጊስ፣ አርመኖቹ በአራራት፣ ግሪኮቹ በኦሊምፒያኮስ፣ ኢጣልያኖቹ በፎርቲቱዶ ስም ሲሰለፉ፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰደው ይኸው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። የቡድኖቹን ስም ልብ ብሎ ያነበበ ሰው የዚያን ጊዜዋን አዲስ አበባ በዐይኑ ያያታል። ከአገሩ ርቆ የሚኖረው አርመን የተራራውን ስም፣ ግሪኩም የጥንቱን የኦሊምፒያን ስም ይዞ ሜዳ ይገባል። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ዋንጫ ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን የዋንጫ ብዛት የሚስተካከለው አልተገኘም።

ያ የቡድን ሕይወት ግን ዛሬ በቴሌቪዥን ከምናየው የባለሚሊዮን ብር ሕይወት ጋር አንድ አይደለም። ተጫዋቹ ግማሽ ሙያተኛ ነበር ማለት ይቻላል። እንጀራው ከሌላ ሥራ ይመጣል፤ ልቡ ግን በሜዳ ነው። በመሥሪያ ቤት ሲጽፍ፣ በፋብሪካ ማሽን ሲያንቀሳቅስ ወይም በካምፕ ዘብ ሲቆም ይውልና ልምምዱን ከሥራ በተረፈው ሰዓት ይሠራል። የቡድኖቻችን ስሞች ይህን ኑሮ በግልጥ ይናገራሉ። ባንክ፣ መድን፣ መብራት ኀይል፣ ቡና፣ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር፣ ሁሉም የደመወዝ ከፋዩን ስም የተሸከሙ ናቸው። የፖሊሱ ቡድን ኦሜድላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ሰንደቅ ዓላማ በተከሉበት በምዕራቡ ጠረፍ ስም ይጠራል። የጦሩ ቡድን ደግሞ መቻል ተብሎ ይጠራ ነበር። በኋላ ጊዜ መከላከያ ተባለ፤ በቅርቡ ዓመታት ግን ተመልሶ መቻል ተብሏል። ስም ሲሄድ የሚናፈቅ፣ ሲመለስም ደስ የሚያሰኝ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከእነዚህ የሥራና የሠፈር ቡድኖች የተውጣጡ ልጆች ናቸው ኢትዮጵያን በአፍሪካ ያስጠሯት። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች። በዚያው ዓመት በካርቱም የተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግን ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም የሆነው ግን ሌላ ነው። በይድነቃቸው አሠልጣኝነት የተሰለፈው ቡድን፣ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተፈጸመ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ የጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጐል አገቡና ዋንጫው በአገር ቀረ። አምበሉ የኢታሎ ወንድም ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ወንድማማቾቹ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ሰውን በደሙ ለይቶ ሜዳ የከለከለው አገዛዝ ከወደቀ ሃያ አንድ ዓመት ብቻ አልፎት፣ የኢጣልያዊ ስም የተሸከመ ኢትዮጵያዊ አምበል የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ወንድማማቾቹ የአባታቸውን ስም እንደ ያዙ ተጫወቱ፤ ሕዝቡም በዚያው ስም እየጠራ አጨበጨበላቸው። ለድል የአንድ ዓይነት ስም ባለቤት መሆን አላስፈለገም፤ እያንዳንዱ በስሙ መጠራቱ በቃ።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። የዘር መድልዎ የሚያራምደው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ከዓለም ሜዳ እንዲገለል፣ አፍሪካም በዓለም ዋንጫ ተገቢ ቦታዋን እንድታገኝ በብርቱ ተሟግቷል። በልጅነቱ የቡድኑ ስም ሲነጠቅ ያየ ሰው፣ በጕልምስናው የአህጉር ስም ሲናቅ ዝም ቢል ይገርም ነበር።

የጊዮርጊስ ስም ግን ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀው ነበር። በዚህ ጊዜ ስም የሚለውጠው ባዕድ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የአገሪቱ የስፖርት አደረጃጀት ሲቀየር፣ የቀድሞ ቡድኖች ስማቸውንና መልካቸውን አጡ። ጊዮርጊስም በቢራ ፋብሪካው ጥላ ሥር፣ በፋብሪካው ስም እንዲጫወት ሆነ። በዚያን ወቅት ያደገ አንድ የአዲስ አበባ ዘመዴ እንደ ነገረኝ፣ በወረቀት የተጻፈውና በደጋፊው አፍ የሚነገረው ስም ለየቅል ነበር። የሁለቱ ወገን ስሞች መራራቅ የተፈጸመው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቡድኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለውን ስም በይፋ መልሶ ሲይዝ ነው።

ይህ ታሪክ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን፣ ከአራዳ እጅግ ከራቀ አገር፣ ከካናዳ፣ አንድ ምሳሌ ላንሣ። የቶሮንቶ ከተማ ብዙ ስደተኞች የሚኖሩባት ናት። እነርሱም በ1936ቱ አዲስ አበባ አርመኖቹና ግሪኮቹ እንዳደረጉት፣ በየአገራቸው ስም የእግር ኳስ ቡድን ያቆማሉ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 የክሮኤሽያ ተወላጆች «ቶሮንቶ ክሮኤሽያ» የሚባል ግማሽ ሙያተኛ ቡድን መሠረቱ። ክሮኤሽያ በዚያን ጊዜ የዩጎዝላቪያ ክፍል እንጂ ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም። ስሟ በዓለም የስፖርት መድረክ የማይሰማ ነበርና በቶሮንቶ በአንድ የስደተኞች ቡድን ማልያ ላይ ይነበብ ነበር።

ይህ ቡድን በ1975 ሜትሮስ ከተባለ የሙያተኞች ቡድን ጋር ተዋሐደና «ቶሮንቶ ሜትሮስ ክሮኤሽያ» ተባለ። በማግሥቱ ዓመት፣ ታላቁን ፖርቱጋላዊ ኤውዜቢዮን አሰልፎ፣ የሰሜን አሜሪካን ሊግ ዋንጫ በፍጻሜው 3 ለ 0 በማሸነፍ ወሰደ። የሊጉ ሹማምንት ግን የአንድ ስደተኛ ማኅበረሰብ ስም በሻምፒዮናቸው ላይ መጻፉን አልወደዱትም፤ ለገበያ የሚመች ስም ይሻላል የሚል አስተያየት ነበራቸው። በ1979 ሙያተኛው ቡድን ተሸጠና ስሙ «ብሊዛርድ» ማለትም የበረዶ ማዕበል ሆነ። የክሮኤሽያ ልጆችስ ምን አደረጉ? ስማቸውን ይዘው ወደ ትንሹ ግማሽ ሙያተኛ ሊግ ተመለሱ። ትልቁን አዳራሽ ለቀው ስማቸው ያለበትን ጐጆ መረጡ ማለት ነው። ብሊዛርድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሜዳ ጠፋ፤ ቶሮንቶ ክሮኤሽያ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል፤ ዋንጫም አንሥቷል።

የአራዳውና የቶሮንቶው ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ቡድን በገንዘብ ይጠነክራል፤ በተጫዋች ያሸንፋል። የሚኖረው ግን በስሙ ነው። ስም ሲባልም ድምፁ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ስም አብረው የደከሙ፣ ያዋጡ፣ የተሸነፉና የተደሰቱ ሰዎች ትዝታ ነው። ስሙ ሲለወጥ ያ ትዝታ መኖሪያ ያጣል። ስሙ ሲመለስ ደግሞ የሞቱት ሳይቀሩ ወደ ሜዳ የሚመለሱ ይመስላል። ጊዮርጊስ በ2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌደሬሽን ዋንጫ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከኢትዮጵያ ቡድኖች የመጀመሪያው ሆኖ ምድብ ውስጥ ሲገባ፣ የገባው በ1928ቱ ስም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ስም ሰውን ከሰው የሚለይ አጥርም ሊሆን ይችላል። አንድ ቡድን በአንድ ደብር ወይም በአንድ ሕዝብ ስም ሲጠራ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሰው የት ይቁም? ለዚህ የጊዮርጊስ ታሪክ ራሱ መልስ አለው። ከመሥራቾቹ አንዱ ዱካስ ነው። በደጋፊው መካከልም ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጐን ቆሞ ያንኑ ስም እየጠራ ይጮኻል። ስሙ ከአንድ ደጃፍ ተነሣ እንጂ በዚያ ደጃፍ ላይ አልተዘጋም።

የዱስ ልጆችም ይህንኑ ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ተወያዩበት። በዚያ ውድድር «ካሮ» ተብለው ተሰለፉ፤ 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ በውጤት ሰሌዳውም ላይ ተሳስቶ እንደ ተጻፈ ቀረ። ሲመለሱ በሽንፈቱ ከማዘናቸው ይልቅ በሰሌዳው መቈጨታቸውን አየሁ። በግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ በቡድኑ ውስጥ ከሐመር የመጡ ልጆች፣ ከወንዙ ማዶ ከኛንጋቶም የመጣም አንድ በረኛ ስላለ፣ ካራ ብቻ ብንባል እነርሱስ? የሚል ሐሳብ ተነሣ። በዚህ አካባቢ ካራና ኛንጋቶም የተጋጩበት፣ ደም የፈሰሰበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በስተመጨረሻ «ዱስ ካራ» እንባል ተባባሉ። ካራ የሕዝቡ ስም ነው፤ ዱስ ግን የሚኖርበት ሁሉ ስም ነው። በረኛውም፣ «ዱስ ውስጥ እኔም አለሁ» ብሎ ተስማማ።

በአጠገባቸው ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የልጆቹ ክርክር እስኪያልቅ ጠበቁና በካራ ቋንቋ ጥቂት ተናገሩ። አምበሉ እንዲህ ሲል ተረጐመልኝ፤ «እኛ በሬያችንን በስሙ ነው የምንጠራው። ስሙን ያሳሳተ ሰው ቢጮኽም በሬው ቀና ብሎ አያየውም።» በኦሞ ሸለቆ ከብት አርቢዎች ዘንድ የከብቱ መልክና ስም ምን ያህል እንደሚከበር፣ ሰውም በሚወደው በሬው መልክ የሚጠራበት ልማድ እንዳለ ለሚያውቅ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን ቡድን የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። አንድ ደብተር ተገዛ። በደብተሩ የሃያ ሁለት ልጆች ስም ተጻፈ። እንግዶች ፎቶግራፍ አንሥተው ከሚሰጡት ገንዘብ ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ እውነተኛ ኳስ ተገዛ፤ የተረፈውም በደብተሩ ተመዘገበ። ሒሳብ ያዡ በረኛው ነው። በማግሥቱ ዓመት የመመዝገቢያው ወረቀት ሲመጣ አምበሉ ብዕሩን ራሱ ተቀብሎ ስሙን በገዛ እጁ ሞላው። ራ አራተኛዋ ፊደል በቦታዋ ገባች።

ወደ ጂንካ በሄድሁ ቍጥር አንድ ሐሳብ ይመላለስብኛል። አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት፣ በከተማይቱ መካከል የተዘረጋው የሣር ማረፊያ የከብት መሰማሪያም የኳስ ሜዳም ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ልጆቹና ከብቶቹ ገለል ይሉ፣ ሲሄድ ደግሞ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥል ነበር። በዚያ ሣር ላይ ስንት ቡድን ተመሥርቶ ስንቱ ፈረሰ? ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ መምህራን፣ የጤና ረዳቶችና ወታደሮች ከአሪ፣ ከሐመር፣ ከማሌና ከባና ልጆች ጋር በምን ስም ተሰለፉ? የአራዳውን ታሪክ የምናውቀው ሰው ስላስታወሰው፣ ጋዜጣም ስለ መዘገበው ነው። የጂንካው ግን እስካሁን ያለው በተጫወቱት ሰዎች ራስ ውስጥ ነው፤ እነርሱም እያረጁ ነው።

ስለዚህ በየአውራጃው ከተማ ያላችሁ አንባቢያን ሆይ፣ በአጠገባችሁ የድሮ ተጫዋች ካለ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና ጠይቁት። የቡድናችሁ ስም ማን ነበር? ማን አወጣው? ማልያውን ማን ሰፋው? ኳሱን የገዛው የማን መዋጮ ነው? የነገራችሁን በደብተር ጻፉ። ስትጽፉም ስሙን እርሱ እንደሚጠራው አድርጋችሁ፣ ፊደል ሳታሳስቱ ጻፉ።